«ሲያልቅ አያምር»፦ የአንባቢ ቅሬታና የ«ዳይቨርጀንት» ተከታታይ ልብ ወለድ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች እምብዛም መድረክ የማያገኝ ነው፤ ይኸውም የአንባቢ ቅሬታ ነው። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «መጽሐፉ ቅር አሰኝቶኛል» ብሎ ቢጽፍ፣ መምህሩ በኅዳጉ ላይ «ይህ የግል ስሜት ነው፤ ማስረጃ አቅርብ» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅሬታው ራሱ ወደ ማስረጃው የሚመራ ዱካ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በዚህ ንግግሬ ላስረዳ የምሻው አሳብ አንድ ነው፤ ቅር የተሰኘ አንባቢ አንድ ቃል ኪዳን እንደፈረሰ የተሰማው ሰው ነው፤ የሐያሲው ሥራም የትኛው ቃል ኪዳን፣ በየትኛው የታሪኩ ክፍል፣ በምን መንገድ እንደፈረሰ መመርመር ነው።

ለዚህ ምርመራ የመረጥኩት አሜሪካዊቷ ደራሲ ቬሮኒካ ሮት የጻፈቻቸውን ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው «ዳይቨርጀንት» እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሁለተኛው «ኢንሰርጀንት» በ2012፣ ሦስተኛው «አሊጅየንት» በ2013 ታተሙ። ደራሲዋ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጻፈችው በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ነበር። መጻሕፍቱ በወጣት አንባቢዎች ዘንድ እጅግ ተወደዱ፤ ወደ ፊልምም ተለወጡ። ሦስተኛው መጽሐፍ በወጣ ጊዜ ግን ብዙ አንባቢዎች፣ በተለይም ተከታታዩን ከመጀመሪያው ጀምረው የወደዱት፣ በብርቱ ቅር ተሰኙ። «ሲያልቅ አያምር» የሚለው ብሂላችን ጉዳዩን በአጭሩ ይገልጸዋል፤ ሆኖም ለምን አላማረም የሚለውን አይነግረንም።

መጻሕፍቱን ላላነበባችሁ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ታሪኩ የሚፈጸመው በወደፊቱ ዘመን፣ በአጥር በተከበበች የቺካጎ ከተማ ነው። የከተማዋ ሕዝብ በአምስት ጎራ ተከፍሏል፤ እያንዳንዱም ጎራ የሚመራበት አንድ ምግባር አለው። አንደኛው ራስን መካድን፣ ሁለተኛው ጀግንነትን፣ ሦስተኛው ዕውቀትን፣ አራተኛው ሐቀኝነትን፣ አምስተኛው ሰላምን ከሁሉ ያስቀድማል። ወጣቶች 16 ዓመት ሲሞላቸው ይፈተናሉ፤ ከዚያም ዕድሜ ልካቸውን የሚኖሩበትን ጎራ ይመርጣሉ። ባለታሪኳ ቢያትሪስ ፕራየር ራሳቸውን ከሚክዱት ወገን የተወለደች ናት፤ ፈተናዋ ግን ለአንድ ጎራ ብቻ የምትስማማ አለመሆኗን ያሳያል። ለራስን መካድም፣ ለጀግንነትም፣ ለዕውቀትም ትሆናለች። እንዲህ ያለው ሰው «ዳይቨርጀንት» ይባላል፤ ከተሰመረለት መሥመር የወጣ ማለት ነው። ይህም በከተማዋ ገዥዎች ዘንድ እንደ አደጋ ይቆጠራል። ቢያትሪስ የጀግኖቹን ጎራ ትመርጣለች፤ ስሟንም ትሪስ ትላለች። በዚያም አሠልጣኟ ከሆነው ከቶቢያስ ጋር ፍቅር ይይዛታል። ቶቢያስ አራት ፍርሃቶች ብቻ ስላሉት «አራት» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል።

በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ከተማዋ ከውጭው ዓለም ሆን ተብላ እንደተዘጋች የሚገልጽ የምስል መልእክት ይፋ ይሆናል። በሦስተኛው መጽሐፍ ትሪስና ቶቢያስ አጥሩን ተሻግረው ይወጣሉ፤ ከተማዋም የዘረመል ሙከራ መስክ እንደነበረች ይረዳሉ። በመጨረሻም ትሪስ ወንድሟ ኬሌብ ሊሄድበት የነበረውን የሞት ተልእኮ በእርሱ ፈንታ ትወስዳለች፤ ተልእኮዋን ፈጽማ በጥይት ተመትታ ትሞታለች። ቶቢያስ ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ቅሬታውን እንመርምር። ይህ ሥራ በሁለት ዘውጎች መካከል የቆመ ነው፤ ሳይንሳዊ ልብ ወለድም ነው፣ የፍቅር ልብ ወለድም ነው። እያንዳንዱ ዘውግ ከአንባቢው ጋር የራሱን ውል ይዋዋላል። ሃንስ ሮበርት ያውስ የተባለው ጀርመናዊ ሐያሲ አንባቢ ባዶ እጁን ወደ መጽሐፍ እንደማይመጣ፣ ከዚህ ቀደም ያነበባቸው ሥራዎች የሠሩለትን የጥበቃ አድማስ ይዞ እንደሚመጣ አስተምሮናል። ሁለት ዘውግ ሲጣመር ሁለት አድማስ ይጣመራል፤ ውሉም ሁለት ይሆናል።

ጎልቶ የተሰማው ቅሬታ የፍቅሩን ውል የሚመለከት ነው፤ «ትሪስ ለምን ሞተች?» የሚለው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኒስ ራድዌይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጥናቷ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶችን አነጋግራ ነበር። ሴቶቹ ጥሩ የፍቅር ታሪክ የሚሉትንና ያልተሳካ የሚሉትን አጥርተው ይለዩ ነበር፤ ፍጻሜው አሳዛኝ የሆነውንም ከዘውጉ አይቆጥሩትም ነበር። ራድዌይ ይህን ፍርዳቸውን አልናቀችም፤ የጥናቷ አንድ ዋና መነሻ አደረገችው። ፓሜላ ሬጂስ ደግሞ በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ የፍቅር ልብ ወለድን ዋና ዋና ምዕራፎች ስትዘረዝር፣ ፍቅሩ ፈጽሞ የማይሆን የሚመስልበት አንድ ጊዜ እንዳለ ታስረዳለች፤ ይህንንም ምሳሌያዊ ሞት ትለዋለች። ዘውጉ የሚያልፈው በዚህ ሞት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወደ ኅብረት ይወጣል። በ«አሊጅየንት» ውስጥ ምሳሌው እውነተኛ ሞት ሆነ፤ መውጫውም ተዘጋ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ ያበቃል? አንባቢዋ አስደሳች ፍጻሜ ፈልጋ አጣች፣ ስለዚህ ተቆጣች ብለን ብንደመድም ይበቃ ነበር? በእኔ እምነት አይበቃም። ሁላችሁም የምታውቁትን የራሳችንን ሥራ እናንሣ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሞት የሚጠናቀቅ የፍቅር ታሪክ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ስንቱ አድማጭ እንዳለቀሰ የምታስታውሱ በዚህ አዳራሽ አትጠፉም። ያለቀሰው አድማጭ ግን ተታለልኩ አላለም። መጽሐፉ መቃብርን በርእሱ ላይ አስቀምጦ ነበርና፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የማዕርግና የትውልድ አጥርም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሆኖ ቆሟል። ሞቱ የዚያ አጥር ፍርድ ነው። ኀዘንና ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኀዘን የታሪኩ ፍሬ ነው፤ ቅሬታ ከታሪኩ ጋር የሚደረግ ሙግት ነው።

በሌላ በኩል፣ ለደራሲዋ ፍትሐዊ እንሁን። የትሪስ ሞት ያለ ዝግጅት የመጣ አይደለም። ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ እናቷም አባቷም ለእርሷና ለሌሎች ሲሉ ሞተዋል። በሁለተኛው መጽሐፍ ሌሎች እንዳይሞቱ ብላ ራሷን ለጠላቶቿ አሳልፋ ሰጥታለች። ሕይወትን በከንቱ መጣልና ሕይወትን ለሌላው መስጠት ያላቸው ልዩነት በተከታታዩ ሁሉ የሚመላለስ ጥያቄ ነው። ሮት ራሷም ፍጻሜውን ከዚሁ ከትሪስ ጉዞ እንዳመነጨችው በይፋ አስረድታለች። የባለታሪኳን ጠባይ ብቻ የምናይ ከሆነ ክርክሩ ክብደት አለው። እኔም ሦስተኛውን መጽሐፍ ስዘጋ ቅር ያለኝ በሞቱ አልነበረም። ታዲያ ውሉ የፈረሰው የት ላይ ነው?

መልሱ በሁለተኛው ዘውግ፣ በሳይንሳዊ ልብ ወለዱ ውል ውስጥ ይገኛል። ዳርኮ ሱቪን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ታዋቂ ሥራው ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ከሌላው የሚለየው አንድ አዲስ ነገር መሆኑን ይገልጻል። ያ አዲስ ነገር በምናባዊው ዓለም መካከል ይቀመጣል፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ በአመክንዮ ይመነጫል። አንባቢው እንግዳ በሆነው ዓለም አማካይነት የራሱን ዓለም በአዲስ ዓይን ያያል። በ«ዳይቨርጀንት» ያ አዲስ ነገር የጎራዎቹ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ኃይል የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ሰውን በአንድ ምግባር፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ልትከትተው አትችልም የሚል አሳብ ነው። ትሪስ አደገኛ የሆነችው ሰው በመሆኗ ነው፤ ደፋርም፣ ቸርም፣ ጠያቂም በመሆኗ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንዲሉ፣ ከአንድ ቤት የወጡት ትሪስና ኬሌብ የተለያየ ጎራ መምረጣቸው ይህንኑ ያጠናክራል። የ16 ዓመት አንባቢ ይህን ስታነብ ስለ ቺካጎ ብቻ አታስብም፤ «ምን ልትሆኚ ነው?» እያለ ስለሚያስጨንቃት ስለ ራሷ ዓለም ታስባለች።

ሦስተኛው መጽሐፍ ይህን አሳብ በሌላ ተካው። ከአጥሩ ውጭ፣ በቀድሞው የኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ የመንግሥት የዘረመል ቢሮ አለ። የቢሮው ሰዎች የሚሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ ከብዙ ትውልድ በፊት መንግሥት የሰዎችን ዘረመል ለማሻሻል ሞከረ፤ ሙከራው ጉዳት አስከተለ፤ ከተሞቹም የተጎዳው ዘረመል በትውልድ ብዛት እስኪታደስ ድረስ የተዘጉ መስኮች ናቸው፤ ዳይቨርጀንት ማለትም ዘረመሉ የታደሰለት ሰው ነው። ትሪስ ተመርምራ «ንጹሕ» ትባላለች። ቶቢያስ ተመርምሮ «የተጎዳ» ይባላል፤ እስከዚያ ቀን ራሱን እንደ ዳይቨርጀንት ይቆጥር የነበረ ሰው አለመሆኑ ይነገረዋል።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንመልከት፤ መጽሐፉ ይህን ማብራሪያ እንዳለ አይቀበልም። ትሪስ የሰው ልጅ ከዘረመል ሙከራው በፊትም ይዋጋ እንደነበር ትደርስበታለች፤ «የተጎዱ» በተባሉት ላይ የሚፈጸመውንም አድልዎ ታወግዛለች። ስለዚህ ደራሲዋ ዘረኝነትን ሰብካለች ማለት ስሕተት ይሆናል። ችግሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ በንግግር የሚክደውን በታሪኩ አወቃቀር ይጠቀምበታል። የዳይቨርጀንቶች አእምሮን ለሚገዙ መድኃኒቶች አለመሸነፍ፣ ትሪስን በሁለት መጻሕፍት ውስጥ ያተረፋት ያ ኃይል፣ አሁን ምንጩ በደም ውስጥ ሆኗል። በመጀመሪያው መጽሐፍ የምርጫና የጠባይ ጉዳይ የነበረው በሦስተኛው የላቦራቶሪ ውጤት ሆነ። ከሣጥን የወጣችው ልጅ ሌላ ሣጥን ውስጥ ገባች፤ ይህኛውም ሣጥን ስም አለው፣ «ንጹሕ» የሚል። ሰውን በትውልዱ የመለካትን ልማድ ሲታገል ለኖረ ለየትኛውም ማኅበረሰብ ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ ማስረጃ ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት የሰውን አእምሮ በመድኃኒት መግዛት የክፉዎች መሣሪያ ነው፤ የአንባቢው ቁጣም በዚህ ላይ ተገንብቷል። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ቢሮው የከተማዋን ሕዝብ ትውስታ ሊያጠፋ ሲዘጋጅ፣ ትሪስና ጓደኞቿ ያንኑ መድኃኒት በቢሮው ሠራተኞች ላይ ይለቁታል። ሠራተኞቹ ማን እንደነበሩ ይረሳሉ። በእርግጥ አማራጩ የከፋ ነበር ሊባል ይችላል፤ ገጸ ባሕርያቱም ጉዳዩን አንሥተው ይከራከሩበታል። ሆኖም ድርጊቱ የሚጠይቀውን ያህል ክብደት ሳይሰጠው፣ ትሪስ በሞተችበት ሰዓት ኀዘኑ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። እንግዲህ የትሪስ መሥዋዕትነት የቆመው፣ ተከታታዩ ራሱ ክፉ ነው ብሎ ባስተማረን ድርጊት ላይ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ የድምፅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት የተነገሩት በትሪስ አንደበት፣ በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ ግሥ ነው። ሦስተኛው በድንገት ሁለት ተራኪዎች አሉት፤ ምዕራፎቹ በትሪስና በቶቢያስ መካከል ይፈራረቃሉ። ብዙ አንባቢዎች ሁለቱን ድምፆች ለመለየት የምዕራፉን አናት መመልከት ግድ እንደሆነባቸው ተናግረዋል። ትክክል ናቸው፤ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመትም፣ የአስተያየቱ አቅጣጫም፣ የምሬቱ ቃና እንኳ ተመሳሳይ ነው። ወደ አማርኛ ቢተረጎም ተናጋሪው ማን መሆኑን በእርግጠኝነት የሚነግረን ሌላው ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲለው ብቻ ይሆን ነበር። ሁለተኛው ተራኪ ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያዋ ዝም ስትል ታሪኩን የሚጨርስ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ቶቢያስ ወደ ተራኪነት የመጣው የሚናገረው አዲስ ነገር ስላለው ሳይሆን፣ ለመቅበር ነው። አንባቢ ይህን በግልጽ ባያስቀምጠውም ይሰማዋል፤ በድምፅ ለውጡም የመርዶ ሽታ ይሸተዋል።

አሁን ሦስቱን እናገናኝ። በሕክምና ሕመሙ የሚሰማበት ቦታና ሕመሙ የተነሣበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ። የ«አሊጅየንት» አንባቢም «ፍጻሜው አሳመመኝ» ስትል ሕመሟ እውነት ነው፤ ቁስሉ ግን ከፍጻሜው ብዙ ምዕራፎች ቀድሞ፣ ዳይቨርጀንት የሚለው ቃል ትርጉሙ በተለወጠበት ቦታ ላይ ነው። ትሪስ የሞተችለት ዓለም አንባቢዋ የወደደችው ዓለም አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሞት ምክንያት የሆነው አጥር ከመጀመሪያው የምናውቀው አጥር ነው፤ በ«አሊጅየንት» ውስጥ ግን አጥሩ በሦስተኛው መጽሐፍ ተቀይሯል። ፍራንክ ከርሞድ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው «የፍጻሜ ስሜት» በሚል ሊተረጎም በሚችል መጽሐፉ፣ ፍጻሜ ከኋላው ላለው ሁሉ ትርጉም እንደሚሰጥና ያልጠበቅነው መታጠፍም መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ጋር መስማማት እንዳለበት ያስረዳል። የጎደለው ይህ መስማማት ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ «እንግዲያው አንባቢ ፍጻሜውን ይወስን ማለትዎ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በፍጹም። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ አስተናግዷል። ሳሙኤል ሪቻርድሰን «ክላሪሳ»ን እ.ኤ.አ. ከ1747 እስከ 1748 በተከታታይ ቅጾች ሲያወጣ አንባቢዎች ባለታሪኳን እንዳይገድላት በደብዳቤ ለምነውት ነበር፤ እርሱ ግን አልተቀበላቸውም። ቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» በ1861 ከመጠናቀቁ በፊት፣ በወዳጁ በኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ምክር የመጀመሪያውን ፍጻሜ ለውጧል። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 የገደለውን ሼርሎክ ሆምስን በ1903 ከሞት መልሶታል። አንዱ እምቢ አለ፤ አንዱ አሻሻለ፤ አንዱ አስነሣ። በእኔ እምነት ከሦስቱ የጸናው ውሳኔ እምቢታው ነው፤ የክላሪሳ ሞት ከታሪኩ ውስጥ የበቀለ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቅሬታ የድምፅ መስጫ ካርድ አይደለም፤ ደራሲን አያዝም። ቅሬታ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚፈለገው በጽሑፉ ውስጥ ነው።

ለተማሪዎቼ የምመክረው እነሆ። አንድ ተከታታይ ሥራ ቅር ሲያሰኛችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሥራው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ምን ቃል ገባልኝ? ሁለተኛ፣ ያን ቃል ጠበቀ፣ አፈረሰ ወይስ በዝምታ በሌላ ቃል ለወጠው? ሦስተኛ፣ ሕመሙ የሚሰማኝ የት ነው፤ የተነሣውስ ከየት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የመለሰ ተማሪ «ቅር ብሎኛል» ከሚለው ተነሥቶ ወደ ሒስ ደርሷል።

ይህን ጉዳይ ወደዚህ መድረክ ያመጣሁት ከአንድ ተከታታይ መጽሐፍ የሰፋ ነገር ስላየሁበት ነው። የፍቅር ታሪክን፣ በተለይም ወጣት ሴቶች የሚያነቡትን፣ ማቃለል ቀላል ነው፤ የሚቃለለውም ከመጽሐፉ ይልቅ አንባቢዋ ናት። አስቡት፤ በ2011 በ14 ዓመቷ «ዳይቨርጀንት»ን የጀመረች ልጅ፣ ሦስተኛው መጽሐፍ እጇ ሲገባ 16 ዓመት ሞልቷታል፤ በታሪኩ ውስጥ ምርጫ በሚደረግበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቃለች፣ አስታውሳለች፣ አመዛዝናለች። ገጹን ከፍታ «ይህ የነገራችሁኝ ታሪክ አይደለም» ስትል፣ ንባብ ሊያስተምር ከሚችለው እጅግ ከባዱን ነገር ተምራለች፤ አንድ ቃል ስሙን እንደያዘ ትርጉሙ ሲለወጥ ማስተዋልን ተምራለች። ይህን ማስተዋል ከመጽሐፍ ገጽ ውጭም ትፈልገዋለች፤ ትላልቅ ቃላት በአደባባይ ስማቸውን ይዘው ትርጉማቸውን ሲቀይሩ ለማየት የሚረዳት ዓይን ይኸው ነውና። እኛ መምህራን «ስሜት ነው» ብለን ያን ዓይን ብንጨፍንባት፣ የምናጠፋው ከአንድ ልብ ወለድ በላይ የሆነ ነገር ይሆናል።

 ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሟችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።